የአንዲት «ሽ» ተከታዮች

ጨለለቂ ሰፈር ከተከራየሁበት ግቢ ሁለት በር ወረድ ብሎ ፊልምና መዝሙር በፍላሽ የሚጭን ጎረቤት አለኝ። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። የትምህርት ቤታችን ማባዣ ማሽን ከሚሠራበት ቀን የሚቆምበት ስለሚበዛ ፈተናዬን የሚያባዛልኝ እሱ ነው። ስለዚህ አንድ ክረምት፣ ትምህርት ተዘግቶ ዝናቡን እያየሁ በተቀመጥኩበት፣ በሬን አንኳኩቶ «ቲቸር፣ ላስቸግርሽ ነው የመጣሁት» ሲለኝ እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

«አንድ ተከታታይ ፊልም ገብቶልኛል» አለ። «የጠፈር ነው። ሰው ወዶታል፣ ግን እንግሊዝኛው ይፈጥንበታል። ከስር ከስሩ አማርኛ ብትጽፊልኝስ?»

«ለምን በኦሮምኛ አይሆንም? እዚህ ማን አማርኛ ያነብልሃል?»

«ኦሮምኛውን ሌላ ሰው ይዞልኛል። አማርኛው ለአንገር ጉቲንና ለአሶሳ መንገድ ነው። አንቺ ደግሞ አማርኛን ከቤት ነው የያዝሽው።»

ልክ ነበር። እናትና አባቴ በድርቁ ዘመን ከወሎ ተነሥተው አንገር ጉቲን የሰፈሩ ናቸው። እኔ እዚያው ተወልጄ፣ ቤት ውስጥ በወሎ አማርኛ፣ ደጅ በኦሮምኛ ስለፈልፍ ነው ያደግሁት። ሥራው ቀላል መሰለኝ። የሰው ንግግር ሰምቶ መጻፍ ነው፤ ምን ይከብዳል?

ፊልሙ ዐሥራ ሁለት ክፍል ነበር። ዐሥራ አምስት ሰዎች በመርከብ ተሳፍረው ወደ አንዲት ሩቅ ፕላኔት ይሄዳሉ። በየክፍሉ አንድ ሰው ይሞታል ወይም ይጠፋል፤ የቀሩት ኮሪደር ለኮሪደር እየሮጡ ይጯጯሃሉ። ከኮከብ ኮከብ የሚያደርስ ጉልበት ያላቸው ሰዎች ለኮሪደራቸው አምፖል እንዴት እንዳቃታቸው እስከ መጨረሻው አልገባኝም። ግማሹን ፊልም ያየሁት በጨለማ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ትከሻ ነው።

የመጨረሻው ትዕይንት ይኸውላችሁ። መርከቡ ሊፈነዳ ነው። አብራሪዋ፣ አጭር ጸጉር ያላት ኮስታራ ሴት፣ ወደ ማምለጫዋ ትንሽ መንኮራኩር እየሮጠች ትገባለች። መንኮራኩሯ ፊትና ኋላ ሁለት ወንበር አላት። ካሜራው ከኋለኛው ወንበር ጀርባ ስለቆመ ወንበሩ ላይ ሰው ይኑር አይኑር አይታይም። አብራሪዋ ፊት ተቀምጣ ቀበቶዋን ታስራለች፣ ዞር ብላ ወደ ኋለኛው ወንበር ታያለች፣ ዝግጁ መሆን አለመሆኑን ትጠይቃለች። በሩ ይዘጋል። ጥቁር። አለቀ።

እንግሊዝኛው ጥያቄዋን ወንድ ሴት፣ አንድ ብዙ ብሎ አይለይም። ኦሮምኛም «አቲ» ብሎ ሁለቱንም ያልፋቸዋል። አማርኛ ግን እንዲህ በዋዛ አያሳልፍም። «ህ» ካላሉ «ሽ» ማለት ግድ ነው። እኔ ደግሞ ያን ቀን ከሰዓት ማሰብ አልፈለግኩም። መብራቱ እየመጣ እየሄደ ነበር፣ የላፕቶፔ ባትሪ ተሟጧል፣ ጠፈር የሚባል ነገር አንገፍግፎኛል። አራተኛው ክፍል ላይ ያቺው አብራሪ የመርከቡን ነርስ በዚያው ቃል ጠይቃት ነበር። «ዝግጁ ነሽ?» የሚለውን ከዚያ ገልብጬ እዚህ ለጠፍኩት። ፋይሉን ለጎረቤቴ ሰጠሁ፣ ረሳሁትም።

መስከረም ላይ ትምህርት ተከፍቶ መምህራን ክፍል ስገባ የሒሳብ መምህራችን ጠመኔ የያዘ እጁን እያወራጨ ከስፖርት መምህሩ ጋር ይከራከራል።

«አዛዡ ነው እልሃለሁ! ሬዲዮው ክፍት ነበር። ውጭ የቀረውን አዛዥ ነው የጠየቀችው።»

«ታዲያ ለምን ‹ነሽ› ትለዋለች?»

«የትርጉም ስህተት ነዋ።»

«አይደለም፣ ለልጇ ነው የምትናገረው።»

«ልጇ ሦስተኛው ክፍል ላይ ሞታለች'ኮ!»

«ለዚህ'ኮ ነው!»

ሻዬን ይዤ ጥግ ተቀመጥኩ። የሚጨቃጨቁባት ፊደል የኔ መሆኗ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ። ሲገባኝ ሳቄ መጣ። ሁለቱም ዲግሪ የጫኑ፣ የሰው ልጅ የሚያስተምሩ ሰዎች ናቸው። በተለይ የሒሳብ መምህሩ፣ ተማሪ አንዲት መስመር ዘልሎ መልሱ ላይ ከደረሰ ዜሮ የሚሰጥ ሰው ነው።

ስስቅ አይቶኝ «አንቺም አይተሽዋል?» አለኝ።

«አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያው እሁድ ከቸርች መልስ ጁስ ቤት ነይ። ከልጅነቴ የማውቀው ጓደኛ አለኝ፣ መሬት ቀያሽ ነው። ይሄን የልጅቱን ወሬ የጀመረው እሱ ነው። ከተማውን አሳብዶታል።»

ከተማውን አላሳበደም። ያሳበደው ሠላሳ፣ ቢበዛ አርባ ሰው ነው። ነገር ግን አርባ ሰው ጁስ ቤት ፎቅ ላይ ተሰብስቦ ሲጮህ ከተማ ይመስላል። ከቸርች በለበሱት ሙሉ ልብስ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ የአቮካዶ ጁስ በማንኪያ እየበሉ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን ይጠብቃሉ። ቀያሹ ቀጠን ያለ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነበር። ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ «አከም ጅርቱ» ብሎ ቤቱን በሙሉ ሰላም አለና የመጨረሻውን ትዕይንት አስቆመው።

«የኋለኛውን ወንበር ቀበቶ እዩ» አለ። «በቀኝ በኩል ጫፉ ይታያል። ቀበቶ ባዶ ወንበር ላይ ይተኛል፤ ይሄ ግን ተወጥሯል። የተወጠረበትን ማዕዘን ለክቼዋለሁ። የተቀመጠው ሰው ቁመት ከአንድ ሜትር ከሃያ አይበልጥም። እንግዲህ፣ ልጅ መሆኗን ልኬቱ ይነግረናል፤ ሴት መሆኗን ደግሞ ፊደሉ ይነግረናል።»

አጨበጨቡ። እውነቴን ነው፣ አጨበጨቡ።

ከዚያ ሌላው ተነሣ። አንዲት የመዘምራን ልጅ የምትጠየቀው የመርከቡ ኮምፒውተር ናት አለች፤ ድምፅዋ የሴት ስለሆነ። አንድ ሽማግሌ የበሩ መዘጋት የኖኅ መርከብ በር መዘጋት ነው፣ የተጠየቀችውም ነፍሷ ናት አሉ። ጥቁር መነጽር ያደረገ የቢሮ ሠራተኛ ደግሞ ሁሉም ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ሞተዋል፣ የምናየው ሕልም ነው አለ። ከሁሉም የናቅሁት እሱን ነው። የሌሎቹ ቢያንስ ሥራ አለበት። ሕልም ነው ማለት ግን ፈተና ላይ ስሙን ብቻ ጽፎ የሚወጣ ተማሪ መልስ ነው።

እኔ ደግሞ የፊልሙ ሠሪዎች ራሳቸው ወንበሩ ላይ ማን እንዳለ እንደማያውቁ እርግጠኛ ነበርኩ። ማሰብ ሲሰለቻቸው በሩን ዘጉት፤ እነዚህ ደግሞ ለተዘጋው በር ቁልፍ ሲቀጠቅጡ እሁዳቸውን ይጨርሳሉ።

መናገር ይገባኝ ነበር። አልተናገርኩም። ምክንያቱም ልነሣ ስል ቀያሹ «ተርጓሚውንም አትናቁት» አለ። «ሰውዬው ሊቅ ነው። እያንዳንዷን ፊደል መዝኖ ነው ያስቀመጣት።» ሰውዬው! ከአንዲት «ሽ» የሞተች ልጅ የሚያስነሡ ሰዎች ተርጓሚው ሴት ልትሆን እንደምትችል ለአንድ አፍታ አልታያቸውም። በዚህም ሳቅኩ። ግን ሊቅ መባሉ ደስ ብሎኛል፤ ልዋሽ አልችልም። ጁሴን ጨርሼ ወጣሁ። በሚቀጥለው እሁድም ሄድኩ። በሚቀጥለውም።

በወሩ ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። «ሽ»ዎች በመስኮቱ በኩል፣ «ህ»ዎች በደረጃው በኩል መቀመጥ ጀመሩ። የ«ህ»ዎች አለቃ የሒሳብ መምህሩ ነው። እሱና ቀያሹ አንድ ሰፈር ያደጉ፣ አንድ ዴስክ የተማሩ፣ አንዱ ለሌላው ሚዜ የሆኑ ሰዎች ናቸው። በወሩ መጨረሻ የሒሳብ መምህሩ የመጀመሪያ ልጁን ልደት ሲያከብር ቀያሹ አልመጣም። ድግሱ ላይ ነበርኩ። የመምህሩ ሚስት ወንበር ይዛለት ነበር። «ምን ሆኖ ነው የቀረው?» ብላ ባሏን ስትጠይቀው «ቀበቶ እየለካ ይሆናል» አለ። ሴትየዋ ስለ ምን እንደሚያወራ አልገባትም። እኔ ገብቶኝ ኬኬን መብላት ቀጠልኩ።

ዝምታዬ ያበቃው በሌላ ፊደል ነው። አንድ እሁድ ቀያሹ ነጭ ሰሌዳ አስመጥቶ በትልቁ ሁለት ቃል ጻፈ፦ «ሞተ ቆሟል»።

«ሰባተኛው ክፍል» አለ። «አዛዡ በሩን ከፍቶ ሲወጣ ከስር የሚጻፈው ይሄ ነው። ሞተ። ቆሟል። ሞቷል፣ ግን ቆሟል። ከሰባተኛው ክፍል በኋላ የምናየው አዛዥ ሙት ነው ማለት ነው። ሙት ደግሞ ወንበሩ ላይ አይቀመጥም፣ ሬዲዮም አይሰማም። የ‹ህ›ዎች ነገር እዚህ ላይ አለቀ።»

አንዲት ሴት «ያ ዋቃ!» ብላ አምላኳን ጠርታ አፏን ያዘች። የ«ህ»ዎች አለቃ እንኳ አንገቱን ደፋ።

አዛዡ በዚያች ቅጽበት የሚናገረው ስለ መርከቡ ሞተር ነው። በጆሮ የሚሰማ እንግሊዝኛ ነው፤ ግን ማንም ጆሮ አልሰጠውም። እኔ «ሞተር ቆሟል» ብዬ ልጽፍ «ር»ን ዘልያታለሁ። የተማሪ ብትሆን በቀይ እስክሪብቶ ከብቤ የማልፋት ስህተት ናት። እዚህ አንድ ሰው ገድላ አቁማዋለች።

ብድግ አልኩ። «ሞተር ነው» አልኩ።

«ምን አሉ፣ ቲቸር?» አለ ቀያሹ። በ«እርስዎ» ነበር የምንነጋገረው።

«ሞተር ቆሟል ነው። ‹ር› ተዘልላ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊልሙን ከላይ እስከ ታች የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ‹ነሽ› የሚለውንም ከአራተኛው ክፍል ገልብጬ ነው የለጠፍኩት። ወንበሩ ላይ ማን እንዳለ አላውቅም። መብራት ሊጠፋ ስለነበር ቸኩዬ ነው።»

ጥቁር መነጽር ያደረገው ሰውዬ ሳቀ። «ተርጓሚው ወንድ ነው» አለ። «አዲስ አበባ ነው ያለው። የሚያውቁት ሰዎች አሉ።» እሱን ተከትለው ሌሎቹም ሳቁ። የሒሳብ መምህሩ ብቻ ወንበሩ ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረው። «አላልኳችሁም! ስህተት ነው አላልኳችሁም! አዛዡ ነው!»

«አዛዡ መሆኑንም አላውቅም» አልኩት።

«እንዴት አታውቂም? የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

ቀያሹ እጁን አንሥቶ ሁሉንም ጸጥ አሰኘ። እንደ ዳኛ ረጋ ብሎ «ቲቸር» አለኝ፣ «የጻፉት እርስዎ ነዎት እንበል። ከአራተኛው ክፍል ገለበጥኩ አሉን። እዚያ የምትጠየቀው ማን ናት?»

«ነርሷ።»

«ልጅቱን ስታስታምም የነበረችው ነርስ አይደለችም?»

ነበረች።

«ከዐሥራ አንድ ክፍል ውስጥ ለምን ከዚያ ገለበጡ?»

«እንግሊዝኛው አንድ ስለሆነ ነዋ!»

«እንግሊዝኛውስ ለምን አንድ ሆነ?»

«አሃ!» የሚል ድምፅ ከመስኮቱ በኩል ተነሣ። የመዘምራኗ ልጅ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ ታማሚ እንደምታጽናና፣ «አንቺ ሳታውቂው ነው የተጻፈልሽ» አለችኝ። ክንዴን አስለቅቄ ደረጃውን ወረድኩ። ከኋላዬ ጭብጨባ ሰማሁ። ለእኔ አልነበረም።

በማግስቱ ለጎረቤቴ ነገርኩት። እሱ ምንም አልደነቀው። «ታዲያ አስተካክያት» አለ። ሁለት ቀን አሰብኩበት። «ነህ» ካልኩ የሒሳብ መምህሩ ሊጨፍር ነው። «ናችሁ» ካልኩ ወንበሩ ላይ መንደር ሊያሰፍሩበት ነው። በመጨረሻ ብልሃት ያገኘሁ መሰለኝ፤ ወንድ ከሴት የማይለየው የአክብሮቱ ነው። «ዝግጁ ነዎት?» ብዬ ጻፍኩ፣ «ር»ንም መለስኩ፣ አዲሱ ፋይል ወጣ።

ለኦሮምኛ መምህሯ ባልደረባዬ ይህን በኩራት ስነግራት «‹እንሂድ?› ብትዪ አይበቃም ነበር?» አለችኝ። ይበቃ ነበር። ግን ጊዜው አልፏል። «ነዎት» ጁስ ቤት ደርሷል።

የሒሳብ መምህሩ ሰኞ ዕለት መምህራን ክፍል አጠገቤ ተቀምጦ ወሬውን ተረከልኝ። የኖኅ መርከቡ ሽማግሌ «ነዎት» የሚባለው እግዚአብሔር ነው ብለው አልቅሰዋል። ቀያሹ ግን ከልጅቱ ፈቀቅ አላለም። ጠፈር ላይ ጊዜ እኩል አይሄድም፤ የሞተች የመሰለችው ልጅ በሌላ መርከብ ሄዳ፣ አርጅታ፣ ተመልሳለች፤ እርጅና ስላጎበጣት ቁመቷ አጥሯል፤ ከእናቷ በዕድሜ ስለበለጠች እናቷ በ«እርስዎ» ትጠራታለች። ይህችን ስሰማ፣ ለመናቅ እየሞከርኩ፣ ትንሽ አደነቅኩት። ከዚያ ባሰ ተናደድኩ። ይህን ያህል ጭንቅላት ያለው ሰው ሌላ የሚሠራበት ነገር አጥቶ ነው?

አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ተማሪ ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ቀያሹ ራሱ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። መምህራን ክፍል ብቻዬን ፈተና አርማለሁ።

«ቲቸር፣ ከከበደዎት ይቅር። ፋይሉን ባየው ብዬ ነው» አለ።

ላፕቶፔን ከፍቼ የመጀመሪያውን ፋይል አወጣሁለት። ሁለቱን መስመሮች፣ የአራተኛውንና የዐሥራ ሁለተኛውን፣ ጎን ለጎን አሳየሁት። አራተኛው ክፍል ላይ ከጥያቄ ምልክቱ በፊት ሳላስበው አንድ ባዶ ቦታ ትቻለሁ፤ ዐሥራ ሁለተኛውም ላይ ያው ባዶ ቦታ አለ። ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና አለ።

«አመሰግናለሁ» አለ። «ባላየውም አምኜዎት ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው እሁድ። ከተናገሩበት።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። «እርስዎ» የሚለው ከአፌ ጠፋ። «እያወቅህ ነው እንግዲህ ያሳቅህብኝ?»

«እኔ አልሳቅኩም።»

«አርባ ሰው ፊት ውሸታም አድርገኸኛል! ነርሷ ልጅቱን ታስታምም አልነበረም ወይ ስትለኝ እያወቅህ ነው!»

ተማሪ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ጫማውን እያየ «ሁለት ዓመት ሆነኝ ሜዳ ካልወጣሁ» አለ። «መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ቢሮ ተቀምጬ የድሮ ካርታ እገለብጣለሁ። መለኪያዬ ከሣጥኑ አልወጣም። እሁድ እሁድ ግን አንድ ነገር ለክቼ ሰው ያዳምጠኛል። ይሄን ተው ልትዪኝ ነው?»

እሱም ወደ «አንቺ» መጥቷል።

ያሳዝናል የሚል ሰው ይኖራል። እኔም ትንሽ አዝኛለሁ። ግን ያን ጊዜ ከሐዘኔ ንዴቴ በለጠ። የማያውቅ ሰው ቢሳሳት በሞኝነቱ እስቃለሁ፤ እያወቀ ሌላውን የሚያስጨበጭብ ግን ለሳቅም አይሆንም። እንዲያውም ይህንኑ ነገርኩት። «የሜዳ ሥራ ያጣኸው አንተ ብቻ አይደለህም። የወንድሜ ማሳ አንገር አለ፣ እሱም ስንት ጊዜ ሳያርስ ቀርቷል። ወንድሜ ግን ሰው አላታለለም። እሁድ ሄደህ እውነቱን ተናገር። ካልተናገርህ ደግሞ ሁለተኛ ሰላም እንዳትለኝ።»

ተነሥቶ ወጣ።

እሁድ ሄድኩ፤ ደረጃው አፋፍ ላይ ቆምኩ። ቀያሹ ላፕቶፑን አልከፈተም። «ቲቸር እውነቷን ነው» አለ። «ፋይሉን በዓይኔ አይቻለሁ። ‹ነሽ› የተገለበጠች ናት። ልጅቱ የለችም። ስለ ቀበቶውም፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ ማዕዘን መለካት እንደማይቻል ከመጀመሪያውም አውቅ ነበር።»

ይቅርታ እንደሚሉኝ ገምቼ ነበር። ሞኝ እኔ ነኝ። ከመስኮቱ በኩል መጀመሪያ የተሰማው ድምፅ የመዘምራኗ ልጅ ነው። «ምን አድርጋህ ነው?»

«ምንም አላደረገችኝም። ፋይሉን አሳየችኝ።»

«የት?»

«ትምህርት ቤት።»

«ሰው እያለ ወይስ ብቻችሁን?»

ቀያሹ ቆም አለ። የቆመባት ያቺ አፍታ በቂ ነበረች። ጥቁር መነጽር ያደረገው ሰውዬ ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረ፤ አርባው ሰው ሁሉ አብሮት ዞረ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን አውቀዋለሁ፤ ትዕይንቱን አስቁመው ሲያጠኑ የሚያሳዩት ፊት ነው።

በሳምንቱ ስለ እኛ ሁለት ትንታኔ ነበር። በአንደኛው ልንጋባ ነው። በሁለተኛው ተጋብተናል፣ «ነዎት» የሚለውንም ለእሱ ብዬ ነው የጻፍኩት። እናቴ ከአንገር ጉቲን ደወለች። «ቀያሽ ነው አሉኝ፤ ምነው ለእኔ ሳትነግሪኝ?» አለች። ከማን እንደሰማች ብጠይቃት ገበያ ነው አለች። የወሬውን አመጣጥ፣ የፊልሙን፣ የ«ሽ»ዋን ነገር ስነግራት እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝና «እሺ፣ ቤተሰቦቹስ ከወዴት ናቸው?» አለችኝ።

አላገባሁትም። ይህን ሲጠብቅ የነበረ አንባቢ ካለ የጁስ ቤቱን አድራሻ ልሰጠው እችላለሁ።

ቀያሹን ከራሱ ጉባኤ አባረሩት። ማንም ውጣ አላለውም፤ ላፕቶፑን የሚሰካበት ቦታ ላይ ሌላ ላፕቶፕ ተሰክቶ ነው የጠበቀው። አለቅነቱን የወሰደው የሒሳብ መምህሩ ነው። ጓደኛው እውነቱን በመናገሩ የተጠቀመው እሱ ነበርና እንዲያመሰግነው ብጠብቅም «ዘግይቷል» ብቻ አለኝ። መምህራን ክፍል ውስጥ ከዚያ ወዲያ አጠገቡ አልቀመጥም።

በጥር መንገዱ ተከፍቶ ቀያሹ ለሥራ ቢላ ወደምትባል ከተማ ተላከ። ከመሄዱ በፊት መናኸሪያው አጠገብ ተገናኘን። መለኪያው በትከሻው፣ ቦርሳው በእጁ ነበር። ጫማው አዲስ ቆዳ ነው፤ ለጭቃ የተገዛ።

«ሰላም ማለት ይፈቀድልኛል?» አለ።

«ተናግረሃል፤ ይፈቀድልሃል» አልኩት።

«አውቶቡሱ ከሞላ እንወጣለን። ስምንት ቀበሌ አለብኝ።» ስምንቱን ቀበሌ ሲል ጁስ ቤት ውስጥ አይቼበት የማላውቀው ፊት ነበረው። ጨበጥኩት። ስለ ፊልሙ አንዳችን አላነሣንም። ጥሩ ሰላምታ ነበር።

ጉባኤው የቆየው ከዚያ ስድስት ሳምንት ነው። ማንም መልስ ስላገኘ አልፈረሰም። ዲሽ ገብቶ የአውሮፓ ኳስ እሁድ ከሰዓት መታየት ሲጀምር የጁስ ቤቱ ባለቤት ቴሌቪዥኑን ፈለገችው፤ ይኸው ነው። የሞተች ልጅ፣ የቆመ ሙት፣ የእግዚአብሔር ዝግጁነት፣ ያ ሁሉ ምርምር አንድ ጨዋታ መቋቋም አቃተው። ማንም አላዘነም። ግማሾቹ ወንበራቸውን እንኳ አልቀየሩም።

ለፋሲካ ቀያሹ ከቢላ መጥቶ ነበር። የኦሮምኛ መምህሯን ባልደረባዬን ይዤ ጁስ ልጠጣ ስወጣ ከሒሳብ መምህሩ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አገኘኋቸው። ታርቀዋል። ማን እንዳስታረቃቸው ልጠይቅ ስል ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ኳስ የአንድ ተከላካይ እጅ ነክታለች፣ አልነካችም። ዳኛው አላየም። ቴሌቪዥኑ ትዕይንቱን መልሶ መላልሶ ያሳያል፤ የተጫዋቹ ጀርባ ካሜራውን ስለጋረደው እጁ አይታይም።

«ነክታለች!» አለ የሒሳብ መምህሩ።

«በዚያ ማዕዘን ልትነካ አትችልም» አለ ቀያሹ፤ ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋ።

ጁሳችን ገና አልመጣም ነበር። ባልደረባዬን «ሌላ ቤት እንሂድ» አልኳትና ወጣን።